ሰንሰለቱን አምጡልን፤ ብስክሌቱ አለን

«ኮርሳዬን ላሻሽላት ወይስ ልቀይራት?» የሚለው ጥያቄ ኦምዱርማን ባለን ሰዎች ቤት የቡና ጨዋታ ከሆነ ቆይቷል። መልሱ ሁልጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ወገን «አሮጌ ብረት ነው፤ ጣለውና አዲስ ግዛ» ይላል። ሌላው ወገን «ጥሩ ማርሽ ግጠምላት፣ ቀለል ያለ ቸርኬ አድርግላት፣ ቀለም ቀባት፤ አዲስ ትሆናለች» ይላል። ሁለቱም ምክሮች ስህተት ናቸው። ሁለቱም ደግሞ ዋጋ የሚያስከፍሉት ያንኑ ልጅ ነው፦ ጠዋት ከሰውራ ተነስቶ ሱቅ ኦምዱርማን የሚወርደውን፣ በርበሬና ቡና በፌስታል አንጠልጥሎ ለደንበኛ የሚያደርሰውን፣ ማታ ለእናቱ የዳቦ ይዞ የሚገባውን።

የእኔ አቋም አጭር ነው። ቴላዮው፣ ማለትም የብስክሌቱ አጽም፣ ጤነኛና ልካችሁ ከሆነ ያለቀውን ዕቃ ብቻ ቀይሩ፤ የሚሠራውን አትንኩ። ቴላዮው ከሞተ ግን አንድ ጊኔ እንኳ አትጨምሩበት፤ ሌላ ግዙ። በመሃል ያለው «ማሻሻል» የሚባለው ነገር ከሦስቱ ምርጫዎች ሁሉ የከፋው ነው። ከዚህም አልፌ፣ ብዙ ሰው አዲስ የሚገዛው ብስክሌቱ አርጅቶበት ሳይሆን መለዋወጫ ገበያ ላይ አጥቶ ነው እላለሁ። የዚህ ተጠያቂ አስመጪው ነው፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ጥቅሜን አስቀድሜ ልናገር። ከባልትና ዕቃዬ አጠገብ አንድ መደርደሪያ የብስክሌት መለዋወጫ አለኝ፤ ሰንሰለትና ኩሽኔታ እሸጣለሁ። «ሻጭ ነሽና ነው» የሚለኝ ሰው መብቱ ነው። ስለዚህ ቃሌን አትመኑ። ሜትርና ማግኔት ይዛችሁ ራሳችሁ ለኩ፤ ስሌቱንም ራሳችሁ ስሩት።

ብስክሌት እዚህ ጌጥ አይደለም

ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፊት፣ ጦርነቱ ሳይጀመር፣ ብስክሌት በእኛ ሰፈር የልጆች ነገር ነበር። ትልቅ ሰው በሀፍላ ወይም በረክሻ ይሄዳል። ጦርነቱ ሲመጣ ነዳጅ ጠፋ፣ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስ ሆነ። ኅዳር 2016 ላይ የሻምባት ድልድይ ሲቆረጥ ወደ በህሪ የሚሻገር ሰው ዙሩ ረዘመበት። ዐረቦቹ ዐጀላ የሚሏት ብስክሌት ያን ጊዜ ነው ከግድግዳ ላይ የወረደችው። የአባቶቻቸው ራሊ፣ የቻይናዋ ፎኒክስ፣ ልጆቹ ከሳልቫጅ የገዟት ኮርሳ፣ ሁሉም መንገድ ላይ ወጣች። ዛሬም ብዙ ቤት የሚተዳደረው በሁለት ጎማ ነው።

ለዚህ ነው ነገሩ የሚቆረቁረኝ። ቅዳሜ ማለዳ ለስፖርት የሚወጣ ሰው ተሳስቶ ቢገዛ የሚያጣው ትርፍ ገንዘብ ነው። በብስክሌት የሚበላ ልጅ ተሳስቶ ከገዛ የሦስት ወር ኪራይ ይሄድበታል። ተሳስቶ የሞተ ቴላዮ ላይ ከወጣ ደግሞ ጥርሱን፣ ክንዱን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣል። ይህችን ከተማ የምታውቁ ሰዎች፣ ዛሬ ክንድ የተሰበረ ልጅ ሐኪም ቤት አድርሶ ማሳከም ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም።

መጀመሪያ አጽሙን ተመልከቱ

ብስክሌት ሁለት ዓይነት ዕቃ ነው። አንደኛው ሊያልቅ የተሠራ ነው፦ ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ሰንሰለት፣ የኋላ ጥርስ፣ የፍሬን ላስቲክ፣ የፍሬን ሽቦ፣ ኩሽኔታ። እነዚህ አለቁ ማለት ብስክሌቱ አረጀ ማለት አይደለም፤ ጫማ ሶሉ ቢያልቅ እግር አረጀ አይባልም። ሁለተኛው ቴላዮውና የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ናቸው። የብስክሌቱ ዕድሜ የሚለካው በእነዚህ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ማግኔት ያዙ። ቴላዮው ላይ ከተጣበቀ ብረት ነው። ካልተጣበቀ ወይ አሉሚኒየም ነው ወይ ካርቦን። ሹካውንም ለብቻው ሞክሩት፤ የቴላዮውና የሹካው ብረት ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ይህ ልዩነት ውሳኔውን ግማሽ መንገድ ያደርሰዋል። ብረት ከመሰበሩ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ይጎብጣል፣ ቀለሙ ይነሳል፣ ያስጠነቅቃል። ጥሩ በያጅ እጅ ከገባም ይበየዳል። አሉሚኒየም ግን በየቀኑ የሚደርስበትን ጫና ቀስ በቀስ እያጠራቀመ ሄዶ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ሲበየድ የብየዳው ሙቀት ዙሪያውን ያለሰልሰዋል፤ ጥንካሬው እንዲመለስ በፋብሪካ የሚደረግ የሙቀት ሕክምና ይፈልጋል። ያንን የሚያደርግ ዋርሻ እዚህ አላየሁም። የተሰነጠቀ አሉሚኒየም በየዳችሁ ማለት ስንጥቁን ከዓይን ሸሸጋችሁት ማለት ነው።

ስንጥቅ የሚፈለገው የት ነው? መሪው ከሚገባበት ቱቦ ሥር፣ የታችኛው ቱቦ ከሱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ። ፔዳሉ የሚዞርበት ቤት ዙሪያ። የኮርቻው እንጨት የሚጠብቅበት አንገት ላይ። የኋላ ጎማው ብሎን የሚገባበት ጫፍ ላይ። በጨርቅ ጥረጉትና በስልካችሁ መብራት በዝግታ ፈልጉ። ከመሪው በታች ያለው ቱቦ ሆዱ ላይ ቀለሙ ተጨማድዶ ካያችሁ ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቶ ያውቃል፤ ሻጩ የሚነግራችሁን ሁሉ እሱ ጭምድድ ይሽረዋል።

ያገለገለ ካርቦንን በተመለከተ ደግሞ ምክሬ አጭር ነው፦ ተዉት። ውስጡ ተሰንጥቆ ላዩ ሊያበራ ይችላል። በሳንቲም እያንኳኳችሁ ብትሄዱ ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የታመመው ይታፈናል፤ ግን ይህ ፍንጭ እንጂ ምስክር አይደለም። «ቢንያም የሚነዳው ካርቦን ነው» የሚሉ ልጆች አሉ። ልክ ናቸው። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024ቱ ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ፤ ከእሱ በፊትም የእኛው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በዚያ ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ደስ ይለናል፣ ያኮራናል። ግን የእነሱን ብስክሌት የገዛው ቡድኑ ነው፤ ማታ ማታ የሚፈታውና የሚያጥበው የቡድኑ መካኒክ ነው፤ አንዱ ቢሰነጠቅ ከኋላ በሚከተለው መኪና ላይ ሌላ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የዓለም የብስክሌት ማኅበር ራሱ የውድድር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ በታች እንዳይሆን ከልክሏል። አሥር ኪሎ በርበሬ ጭኖ ሱቅ ሊቢያ የሚሄድ ልጅ ስለ ሁለት ኪሎ ቅለት ምን አስጨነቀው?

ከጤንነቱ ቀጥሎ ልኩ ነው። «ያድጋል፣ ይሞላዋል» ብላችሁ ለልጅ ትልቅ ኮርሳ የምትገዙ እናቶች ይህን ስሙኝ። ከላይኛው ቱቦ በላይ ቆሞ እግሩ መሬት የማይረግጥ ልጅ በድንገት መቆም አይችልም። ልክ ያልሆነ ቴላዮ የትኛውም ዕቃ አያስተካክለውም። ጤነኛ ቢሆንም ሽጡትና ልኩን ግዙ። ይህን ምክር የምሰጠው ከመደርደሪያዬ ምንም ሳልሸጥ ነው።

የሚያዋጣው የቱ ነው?

አዲስ አበባ ኮሜርስ ስማር ስለ ብስክሌት ያስተማረኝ የለም። ግን አንድ ነገር ተምሬያለሁ፦ ትላንት የከፈልከው ገንዘብ ለነገው ውሳኔ ምስክር አይሆንም። «ብዙ አውጥቼባታለሁና አልተዋትም» የሚል ሰው በሁለተኛው ገንዘብ የመጀመሪያውን እያሳደደ ነው። መጠየቅ ያለበት ከዛሬ ጀምሮ የትኛው መንገድ በርካሽ ያደርሰኛል የሚለው ብቻ ነው።

ለስሌት ያህል አዲሱ ብስክሌት 100 ይሁን። ቁጥሩን እንደየገበያችሁ ቀይሩት፤ መንገዱ ግን ይኸው ነው። አሮጌዋ ኮርሳ እንዳለች ብትሸጥ 20 ታወጣለች እንበል። ያለቀውን ሁሉ ለመቀየር 25 ይፈጃል። በሁለት ዓመት ውስጥ ለጎማና ለሰንሰለት ሌላ 15 ይወጣል፤ ይህ ለአዲሱም ለአሮጌውም እኩል ነው።

መጠገን፦ ሳትሸጧት የቀራችሁት 20፣ ጥገና 25፣ የሁለት ዓመት ወጪ 15። ድምሩ 60። ከሁለት ዓመት በኋላ 15 ብትሸጡት የተከፈለው 45 ነው።

አዲስ መግዛት፦ 100 እና የሁለት ዓመቱ 15። ድምሩ 115። ከሁለት ዓመት በኋላ 35 ቢሸጥ የተከፈለው 80 ነው።

ማሻሻል፦ ሳትሸጧት የቀራችሁት 20፣ አዲስ ማርሽ፣ ቸርኬና መሪ ከነጥገናው 70፣ የሁለት ዓመቱ 15። ድምሩ 105። ሲሸጥ ገዢው የሚያየው አሮጌ ቴላዮ ነውና ቢበዛ 25 ይሰጣል። የተከፈለው 80።

የመጨረሻውን እንደገና ተመልከቱት። ያሻሻለው ልጅ የአዲስ ዋጋ ከፍሎ አሮጌ ይዞ ቀረ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይህ ነው። እኔ የምጠቀምበት ደንብ ቀላል ነው፦ ጤነኛ ቴላዮ ላይ የጥገናው ወጪ ተመጣጣኝ ከሆነው አዲስ ብስክሌት ግማሽ ዋጋ እስካላለፈ ድረስ ጠግኑ። ካለፈ ቀይሩ።

«አንቺ የምትይው ገንዘብ ዋጋ በሚይዝበት አገር ነው» የሚል ነጋዴ አለ። ክርክሩን አውቀዋለሁ፤ ከባድ ክርክር ነው። የካቲት 2013 ላይ የሱዳን መንግሥት የዶላሩን ይፋ ዋጋ በአንድ ቀን ከ55 ወደ 375 ጊኔ ሲያወጣው እዚህ የነበርን ሰዎች ጥሬ ገንዘብ ይዞ ማደርን ያን ጊዜ ጠልተናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ወደ አገር ቤት የሚልከውም ከአገር ቤት የሚያስጭነውም ስሌቱ ተገለበጠበት። ስለዚህ «ገንዘብህን ዕቃ አድርገው» የሚለው ምክር ሞኝነት አይደለም። ሞኝነቱ ብስክሌትን እንደ ወርቅ ማየቱ ነው። ወርቅ ሲቀመጥ አያልቅም፤ ብስክሌት ሲነዳ ያልቃል፣ ሲቆምም ጎማው በዚህ ፀሐይ ይሰነጣጠቃል። ዋጋ እንዲይዝልህ ከፈለግህ አዲስ ብስክሌት አትግዛ። ዘይት በተቀባ ወረቀት የተጠቀለለ ሰንሰለትና ኩሽኔታ ግዛና አስቀምጥ፤ ብረቱ አይሞትም፣ ቦታ አይዝም፣ በፈለግህ ቀን ይሸጣል።

«ማሻሻል» ለምን ወጥመድ ይሆናል

ብስክሌት ላይ አንድ ዕቃ ለብቻው አይሻሻልም። አንዱን ስትጎትት ሌላው ይከተላል። ኮርሳዋ አምስት ጥርስ የነበራት አሮጌ ከሆነች የኋላ ጎማው የሚገባበት ስፋት 120 ሚሊ ሜትር ነው። ስድስትና ሰባት ጥርስ የሆነችው 126 ነው። ከስምንት ጥርስ ወዲህ የመጡት ደግሞ 130። ስለዚህ «አሥር ጥርስ ግጠምላት» የሚል ሰው ከጥርሱ በፊት ቸርኬውን፣ ከቸርኬው በፊት የቴላዮውን ስፋት እየቀየረ ነው። የብረት ቴላዮ ከ126 ወደ 130 በጥንቃቄ ይከፈታል። አሉሚኒየም ግን በፍጹም አይከፈትም፤ የከፈተላችሁ ሰው ሰብሮላችኋል። ቸርኬው ከገባ በኋላ ሰንሰለቱ ቀጭን መሆን አለበት፣ ማርሽ ቀያሪው መለወጥ አለበት፣ መቀየሪያ እጀታውም እንዲሁ። በአንድ ዕቃ የተጀመረው በሰባት ያልቃል። «ዲስክ ፍሬን እንግጠም» ከተባለማ ቴላዮው ማሰሪያ ስለሌለው ወሬው እዚያው ያበቃል።

ከዚህ የባሰ ያየሁት አለ። ጎረቤቴ የሆነች እናት ለልጇ ጣሊያን የተሠራ ጥሩ የብረት ኮርሳ ከአገር ቤት አስመጣችለት። ፔዳሉ ሲወላከፍ አንድ ዐጀላቲ ዘንድ ወሰደው። በጣሊያን ብስክሌቶች ላይ ፔዳሉ የሚዞርበት ቤት ጥርሱ 36 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሁለቱም በኩል ወደ ቀኝ ይጠብቃል። በእንግሊዝ ልክ የተሠሩት ጠበብ ያሉ ናቸው፤ በሰንሰለቱ በኩል ያለው ደግሞ በተቃራኒው፣ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው። ሰውዬው የእጁን በትር የታመነ ነው፤ የእንግሊዙን ልክ በመዶሻ አስገባው። ለአንድ ሳምንት ያዘ። ከዚያ የቴላዮው ጥርስ ተላጠ፤ ሃያ ዓመት ሊነዳ የሚችል ብረት ሞተ። ሥራው «አሻሽላችኋለሁ» ተብሎ ነበር የተጀመረው። የሚያስፈልገው የነበረው ሁለት እፍኝ የማይሞላ ኩሽኔታና ግራሶ ነበር።

ታዲያ የሚሻሻል ነገር ምንም የለም ማለቴ አይደለም። ሁለት ነገር አለ። ጎማው ሲያልቅ፣ ቴላዮው ቦታ ካለው፣ ከቀጭኑ 23 ይልቅ 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ይግባ፤ በዚህ አሸዋና በዚህ ጉድጓድ ሰፊ ጎማ ቸርኬ ያድናል፣ ወገብም ያድናል። የፍሬን ላስቲክ ሲያልቅም የተሻለው ይገዛ። ሁለቱም በማለቂያቸው ቀን የሚደረጉ ናቸው። ያላለቀውን አውጥቶ የተሻለ ማስገባት ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

አሮጌ ነው ወይስ ቆሻሻ?

«አርጅታለች» ተብለው ከሚመጡልኝ ኮርሳዎች ብዙዎቹ ያረጁ አይደሉም፤ የተጋገሩ ናቸው። ሀቡብ ሲነሳ የሚመጣው ደቃቅ አሸዋ ሰንሰለት ላይ ያርፋል። ልጁ በዚያ ላይ ከጋራዥ ያመጣውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ያፈስበታል። ዘይቱና አሸዋው ተቀላቅለው እንደ ሞረድ ይሠራሉ፤ ሰንሰለቱ ራሱን ይበላል፣ ጥርሱንም ይበላል። ሰንሰለት በጨርቅ ይጠረጋል፣ በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይደረጋል፣ ከዚያ የተረፈው እንደገና ይጠረጋል። ከላይ ደረቅ፣ ከውስጥ እርጥብ መሆን አለበት። ይህ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

ሰንሰለት ማለቁን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም። በሜትራችሁ ላይ በኢንች የተጻፈውን ጎን ተጠቀሙ። አንዱን ፒን ዜሮው ላይ አድርጉና ሃያ አራተኛውን መገጣጠሚያ ቁጠሩ። አዲስ ሰንሰለት ላይ ፒኑ ልክ 12 ኢንች ላይ ያርፋል። ከ12 በአንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ካለፈ ሰንሰለቱን ለመቀየር ሰዓቱ ነው። በአንድ ስምንተኛ ካለፈ ግን ዘግይታችኋል፤ ጥርሱም አብሮ ተበልቷል፣ አዲስ ሰንሰለት ብታስገቡ ዳገት ላይ ይዘልባችኋል። በጊዜው አንድ ሰንሰለት የቀየረ ሰው ውዱን ጥርስ ያተርፋል። ይህን መለኪያ የማያውቅ ሰው ነው «ማርሹ ተበላሽቷል፣ አዲስ ብስክሌት ግዛ» ተብሎ የሚሸኘው። የእህቴ ልጅ ኮርሳ በሦስት ሰዎች ጥላት ተብላ ነበር። ሰንሰለት፣ የኋላ ጥርስና የፍሬን ሽቦ ተቀየረላት፤ ዛሬም ከሱቅ ሳብሪን ዕቃ ታመላልሳለች።

ካርቶን ውስጥ የሚመጣውንስ አዲስ አይታችሁታል? ቀለሙ ያበራል። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። ከርካሾቹ ብዙዎቹ ኩሽኔታቸው ላይ ግራሶ የሌለ ያህል ነው፤ የፍሬን እጀታቸው ፕላስቲክ ነው፤ የኋላ ጥርሳቸው በጥርስ የሚጠብቅ አሮጌው ዓይነት ሆኖ ሰባት ጥርስ ስለተሸከመ አክሱሉ በጭነት ይጎብጣል። በስድስት ወር ውስጥ የሚያልቅባችሁ ያው ያሮጌው ዕቃ ነው፤ ልዩነቱ ይኼኛው ቴላዮ ከመጀመሪያውም ደካማ መሆኑ ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ። ጥሩ አዲስ ብስክሌት የለም አላልኩም፤ አለ። ግን ጥሩው በዚህ ካርቶን ዋጋ አይመጣም፤ ሻጩም ሆነ ገዢው ይህን ያውቃሉ።

አሁን ደግሞ ቀይሩ የምልበትን ሳልሸሽ ልናገር፤ «አሮጌ ወዳጅ» ብቻ እንዳልባል። አንድ የማውቀው አባት የልጁን አሉሚኒየም ኮርሳ ሁለቴ አስበየደ። በሦስተኛው ወር አዲስ ማርሽ ገጠመለት። ቴላዮው ከፔዳሉ ቤት በላይ ለሁለት የተከፈለው ልጁ ወደ ድልድዩ ሲወርድ ነው። ልጁ ተረፈ፤ የትከሻ አጥንቱ ግን ተሰብሮ ለሁለት ወር ከሥራ ወጣ። ለማርሹ የወጣው ገንዘብ ያገለገለ ጤነኛ የብረት ቴላዮ ይገዛ ነበር። የተሰነጠቀ አሉሚኒየም፣ የጎበጠ ሹካ፣ የተጋጨ ካርቦን፣ ልክ ያልሆነ ቁመት፦ እነዚህ አራቱ ላይ ክርክር የለኝም። ጎማውን፣ ኮርቻውን፣ ፔዳሉን ፍቱና ለሌላው አስቀምጡ፤ ቴላዮውን ለቁራሌው ስጡ። ለሌላ ሰው አትሽጡት። ስንጥቁን በቀለም ሸፍኖ የሚሸጥ ሰው ነጋዴ አይባልም።

አስመጪዎች ሆይ

አሁን ወደ ወገኖቼ፣ ወደ ነጋዴዎቹ። በጎንደርና በመተማ በኩል የምትመላለሱም፣ ከፖርት ሱዳን በአትባራ የምታስጭኑም፣ ከዱባይ የምታስመጡም። ሙሉ ብስክሌት ታስመጣላችሁ፤ ምክንያቱም ትርፉ በዓይን ይታያል፣ አንድ ሸጣችሁ አንድ ቀን ታርፋላችሁ። ሰንሰለት ማስመጣት ያሳፍራችኋል፤ የሳንቲም ንግድ ይመስላችኋል። ግን ቁጠሩት። አንድ ሙሉ ብስክሌት በሚይዘው ቦታ ስንት ሰንሰለት ይገባል? ሙሉ ብስክሌት የገዛ ደንበኛ መቼ ነው የሚመለሰው? ሰንሰለት የገዛ በዓመት ይመለሳል፣ ካላማዳሪ የገዛ በወር ይመለሳል፣ ሲመለስም ጓደኛውን ይዞ ነው። በመንገድ ላይ ኬላው ቢበዛ፣ ዕቃው ቢያድር፣ ሰንሰለት አይጎብጥም፣ ቀለሙ አይፋቅም።

ደግሞም ስታመጡ አውቃችሁ አምጡ። ጎማ ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፏል፤ ሁለተኛውን አንብቡ። 622 የሚለው የአሁኑ ኮርሳ ልክ ነው፣ 700 የሚባለው። 630 የሚለው የድሮው 27 ኢንች ነው። 635 የሚለው የጥቁሯ የጭነት ብስክሌት 28 ነው። በ622ና በ630 መሃል ያለው ልዩነት 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን 630ው ጎማ 622 ቸርኬ ላይ ይላላል፣ ሲነፋ ያመልጣል። «ሁሉም ትልቅ ጎማ ነው» ብሎ የጫነ ሰው ግማሽ ጭነቱን መደርደሪያ ላይ ያሳድራል፤ ወይም ደግሞ ይሸጠውና ልጅ ይወድቃል።

ለመጀመር የሚበቃው ይህ ነው፦ ለአምስት እስከ ስምንት ጥርስ የሚሆን ሰንሰለት፤ 28-622 ጎማና ካላማዳሪ፤ የፍሬን ላስቲክ፤ የፍሬንና የማርሽ ሽቦ፤ የፔዳል ቤት በእንግሊዙም በጣሊያኑም ልክ፤ የቸርኬ ኩሽኔታ፤ የኋላ ጥርስ በሁለቱም ዓይነት፣ የሚጠብቀውም የሚሰካውም። ከዚህ ጋር የሰንሰለት መፍቻና የጥርስ መፍቻ ሁለት ሁለት ጨምሩ። ለዐጀላቲው በዱቤ ስጡት፤ መፍቻ ያለው ዐጀላቲ መዶሻ አያነሳም።

ለገዢው ደግሞ ሦስት ጥያቄ ትቼለት ልጨርስ። ቴላዮው ጤነኛ ነው? ልኬ ነው? የሚያልቀው ዕቃ ይገኛል? ሦስቱም አዎ ከሆኑ ጠግን፣ ጥረግ፣ ንዳ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አንዱ አይደለም ከሆነ ዛሬውኑ ቀይር። ሦስተኛው አይደለም ከሆነ ግን ብስክሌትህን አትሽጥ፤ ነጋዴህን ቀይር።